ሩዝቬልት ደሴትን ለመዞር የሠራሁት ካኑ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ፌብሩዋሪ 16

ዛሬ ጀመርኩ። ሥራው ይኼ ነው፦ ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ቤታችን ጋራዥ ውስጥ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ 4.5 ሜትር ገደማ የሚረዝም የእንጨት ካኑ (በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ጀልባ) መሥራት። ከዚያ ፖቶማክ ወንዝ መሃል ያለውን የቲዎዶር ሩዝቬልት ደሴት በእሱ ዙሪያውን መቅዘፍ።

ደሴቱን እዚህ አካባቢ ታክሲ የምንነዳ ሰዎች በየቀኑ እናልፈዋለን። የሩዝቬልት ድልድይ የሚያልፈው ደቡባዊ ጫፉ ላይ ነው። እኔ ስድስት ዓመት በላዩ ስመላለስ፣ ከሥር የሚታየው ጫካ ደሴት መሆኑን ልብ አላልኩም። ያወቅኩት ባለፈው ሴፕቴምበር ልጄን ይዤ በእግረኛ ድልድዩ ስገባ ነው። 36 ሄክታር የሚጠጋ ጫካ ነው። ማዶ ጆርጅታውን የሚባለው የዲሲ ሰፈር ይታያል፣ ከላይ ወደ ሬገን ኤርፖርት የሚወርደው አውሮፕላን ወንዙን ተከትሎ ያልፋል፣ ከሥር ግን ቅጠል ላይ የሚንጠባጠበውን ውኃ ትሰማለህ። ለመሄድ ላሰበ ሰው፦ መኪና ማቆሚያው የሚገባው ወንዙን ተከትሎ ከሚሄደው አውራ ጎዳና፣ ከፓርክዌዩ፣ ወደ ሰሜን ከሚሄደው መስመር ብቻ ነው። ይህን ሳላውቅ ሁለቴ አልፌው ዞሬያለሁ።

ኦክቶበር ላይ ጆርጅታውን በኩል የላስቲክ ካያክ ለአንድ ሰዓት ተከራይቼ ነበር። ምሥራቃዊውን ጎን አይቼ ሳልጨርስ ሰዓቱ አለቀ። ማየት የምፈልገው ምዕራቡን ነው። በቨርጂኒያና በደሴቱ መካከል ያለው ጠባቡ ውኃ፣ እዚህ ሰዎች ትንሹ ወንዝ የሚሉት። ለዚያ ቀላልና ጥልቅ ውኃ የማይፈልግ ጀልባ ያስፈልጋል። ብቻዬን አንሥቼ መኪናዬ ጣሪያ ላይ መጫን መቻልም አለብኝ።

የመረጥኩት አሠራር ሰፍቶ ማጣበቅ ነው። ስስ ኮምፖርሳቶ በልክ ይቆረጣል፣ ጠርዙ በትንንሽ ቀዳዳ ይበሳል፣ በመዳብ ሽቦ ይሰፋል። ከዚያ መጋጠሚያው በኤፖክሲ (ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚደርቅ ሙጫ) እና በፋይበር ግላስ (ከመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ) ይታሰራል። ብዙ ማሽን አይፈልግም። ያለኝ ድሪል፣ የእጅ መላጊያ፣ ፒንሳ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ መጋዝና አሥራ አራት ሞርሳ ነው።

ፌብሩዋሪ 23

የመጀመሪያ ስህተት፣ ዋጋው 54 ዶላር። ከትልቁ የግንባታ ዕቃ መደብር ለወለል ሥር የሚነጠፍ 5 ሚሊ ሜትር ኮምፖርሳቶ ሁለት ሉሕ ገዛሁ። ርካሽ ነው፣ ፊቱም ያምራል። ጎረቤቴ ጋሼ መጥተው አዩት። ጋሼ አገር ቤት ሠላሳ ዓመት አናጢ ነበሩ። በጥፍራቸው ጠርዙን ጫር አድርገው፣ "ይኼን ቀቅለህ እየው" አሉኝ።

ቀቀልኩት። የመዳፍ ስፋት ያለው ቁራጭ አሮጌ ድስት ውስጥ ለግማሽ ሰዓት አፈላሁት። ሲወጣ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተለያየ። ሙጫው ውኃ የሚችል አልነበረም። ውኃ ላይ የሚወጣ ነገር የምትሠሩ ሁሉ ከመግዛታችሁ በፊት ቁራጭ ለምናችሁ ቀቅሉ።

አሁን ለጀልባ ተብሎ የሚሠራውን፣ ኦኩሜ ከሚባል እንጨት የሚመጣውን 4 ሚሊ ሜትር ገዛሁ። አንዱ ሉሕ 92 ዶላር፣ አራት ሉሕ 368። ኪስ ይጎዳል። ግን ቀቅዬው አንድም ቦታ አልተላቀቀም።

ማርች 2

ሉሑ 2.44 ሜትር ነው፤ ካኑው ከዚያ ይረዝማል። ስለዚህ ሁለቱን ሉሕ ጫፍ ለጫፍ መቀጠል ግድ ነው። ሁለቱም ጫፎች በሰያፍ ይላጋሉ። የሰያፉ ርዝመት የእንጨቱን ውፍረት ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ለ4 ሚሊ ሜትር 32 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። አራቱን ሉሖች እንደ ደረጃ ደርድሬ በአንዴ ላግኋቸው። የኮምፖርሳቶው ንብርብሮች ቀጥ ያሉ መስመሮች ሆነው ከታዩ ላጋው ትክክል ነው። ይኼ ክፍል ደስ ብሎኛል።

ያጠፋሁት ሳጣብቅ ነው። ኤፖክሲ ሲቀባ ያንሸራትታል። በሞርሳ ሳጠብቀው አንደኛው ሉሕ 5 ሚሊ ሜትር ሸሸ፣ እኔም ያየሁት በማግስቱ ነው። 5 ሚሊ ሜትር መጋጠሚያው ላይ ትንሽ ትመስላለች፤ ጫፉ ላይ ስትደርስ ግን ጎኑን እንደ ሙዝ ታጎብጠዋለች። ቆርጬ እንደገና ላግሁ። የጀልባው ርዝመት በ7 ሴንቲ ሜትር አጠረ። ሁለተኛውን ከማጣበቄ በፊት በሁለት ቀጭን ሚስማር ቦታው ላይ ቸነከርኩት። አልተንቀሳቀሰም።

ማርች 9

ጋራዡ 9 ዲግሪ ነው። ኤፖክሲ በዚህ ብርድ አይደርቅም። ሦስት ቀን ጠብቄ አሁንም ጣት ይይዛል። በመጀመሪያ ብርዱ ነው ብዬ ነበር፤ ግማሹ ጥፋት ግን የኔ ነው። የገዛሁት ኤፖክሲ ሁለት እጅ ሙጫ ለአንድ እጅ ማጠንከሪያ ነው የሚቀላቀለው። እኔ የለመድኩት እኩል በእኩል የሚሆነውን የቱቦ ሙጫ ነው። በልምድ እኩል አድርጌ ቀላቀልኩ። ማጠንከሪያ መጨመር አያፈጥነውም፤ ጭራሽ ያበላሸዋል። በሙቅ አየር መንፊያ እያለሰለስኩ ፋቅኩት፣ የቀረውን በአሴቶን ጠረግኩ። ሁለት ምሽት ሄደ።

ከዛሬ ጀምሮ በትንሽ ዲጂታል ሚዛንና መስመር ባለው ኩባያ ነው የምቀላቅለው። በጀልባው ላይ የላስቲክ ድንኳን ሠርቼ ከሥሩ ትንሽ ማሞቂያ አደረግኩ። 20 ዲግሪ ሲደርስ በአንድ ሌሊት ደረቀ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤፖክሲን ጠባብ ኩባያ ሙሉ ቀላቅላችሁ አታቁሙት። ራሱን ያሞቃል። አንዱ ኩባያ ጭሶ ላስቲኩን አቀለጠው። ጋራዡን ከፍቼ ወደ ውጭ አወጣሁት። አሁን ቀላቅዬ ወዲያው ሰፊ ትሪ ላይ አፈሰዋለሁ፣ ረዘም ያለ ጊዜም ይሰጣል።

ማርች 16

ዛሬ ተሰፋ። ጠፍጣፋ የነበረው እንጨት በሦስት ሰዓት ውስጥ ጀልባ ሆነ። ልጄ ሽቦ እያቀበለችኝ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ውስጡ ገብታ ተቀመጠች። እውነት ለመናገር እኔም ተቀመጥኩ።

ከዚያ ጋሼ መጡ። ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች ፊትና ኋላ ላይ አግድም አስቀምጠው ከጫፍ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ። "ጠምዟል" አሉ። ስለካው ከፊት ወደ ኋላ 15 ሚሊ ሜትር ይጣመማል። መሃል አካባቢ ያሉትን ሽቦዎች አላልቼ፣ በሰያፍ በገመድ ስቤ፣ ወደ 4 ሚሊ ሜትር አወረድኩት። ከዚያ በታች አልሄደልኝም፣ ተውኩት። ይህን እዚህ የጻፍኩት በኋላ ስለሚመጣ ነው።

ማርች 30

ውስጡም ውጩም ፋይበር ግላስ ለበሰ። ኤፖክሲ ሲደርቅ ላዩ ላይ እንደ ሰም የሚያዳልጥ ስስ ነገር ያወጣል። እሱን በውኃና በሸካራ ስፖንጅ ሳላጥብ ቀጥታ ብርጭቆ ወረቀት ሰጠሁት፤ ወረቀቱ ሁሉ ተደፈነ፣ ሁለተኛው ቅብም እንደ ዓይን ያለ ትንንሽ ክብ ቀዳዳ እያወጣ ተቀመጠ። ማጠብ አሥር ደቂቃ ነበር። አለማጠቤ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀ።

ለላይኛው ጠርዝ አሽ የሚባለውን እንጨት ገዛሁ፣ 65 ዶላር። ሲጎብጥ አይሰበርም። ሻጩ ሲቆርጥልኝ ዋጋው ወደፊት እንደሚጨምር ነገረኝ፤ ዛፉ እያለቀ ነው። ከእስያ የመጣ አረንጓዴ ጥንዚዛ ከቅርፊቱ ሥር እየገባ ይገድለዋል። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው በ2002 ሚሺጋን ላይ ነው። ሩዝቬልት ደሴት ላይ በረግረጉ መካከል በተሠራው የእንጨት መንገድ ስትሄድ ቆመው የደረቁ ዛፎች ታያለህ። ብዙዎቹ አሽ ናቸው። እጄ ላይ ያለው እንጨትና እነሱ አንድ መሆናቸውን ሳስብ መላጊያውን ቀስ አልኩ። ቁራጩንም አልጣልኩም፤ መቀመጫ ሆነ።

ኤፕሪል 13

ዝናብ፣ ሥራም በዛብኝ፣ ሁለት ሳምንት ምንም አልነካሁም። በዚህ መሃል ስለ ደሴቱ ያነበብኩትን ላስፍር፣ በኋላ ውኃው ላይ ስለጠቀመኝ።

እኔ ጥንታዊ ጫካ ነው ብዬ ነበር። አይደለም። ከ1790ዎቹ ጀምሮ ጆን ሜሰን የሚባል ባለጸጋ ቤትና የአትክልት ቦታ ነበረው፤ ሥራውን የሚሠሩት በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ደሴቱን ከቨርጂኒያ ጋር የሚያገናኝ የአፈር መሻገሪያ ተገነባ። መሻገሪያው ምዕራባዊውን ውኃ ዘጋው፣ ውኃው ቆሞ ሸተተ፣ ቤተሰቡ በ1832 አካባቢ ለቆ ሄደ። በ1863 ደግሞ 1ኛው የጥቁር ወታደሮች ሬጅመንት የሠለጠነው እዚህ ነው። በባርነት የተያዘ ሰው በቆፈረው መሬት ላይ ለነፃነት የሚዋጋ ጥቁር ወታደር ሰልፍ ተማረ።

ጫካውን ያስተከለው በ1930ዎቹ ፍሬደሪክ ሎው ኦልምስቴድ ልጅየው ነው። አባትየው የኒው ዮርኩን ሴንትራል ፓርክ ከነደፉት አንዱ ነው። ወጣት ሠራተኞች አረሙን መንጥረው በሺዎች የሚቆጠሩ አገር በቀል ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ተከሉ። አሁን ጎን ለጎን የቆሙት ረጃጅም ዛፎች የሰው እጅ ያለባቸው ናቸው።

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው የያዙት መሻገሪያውን ነው። "ውኃው በዚያ በኩል ጥልቅ አይደለም ማለት ነው። ለካኸው?" አልለካሁም። "ውኃውን ሳታይ ነው እንዴ ጀልባ የምትሠራው!" አሉኝ። ልክ ናቸው።

ኤፕሪል 27

ውኃ ላይ ወጣ! ከፔንታገን ፊት ለፊት ካለው ኩሬ መሰል ውኃ፣ ከማሪናው (ከጀልባ ማቆሚያው) መውረጃ ላይ። ከዚያ ባውንደሪ ቻነል በሚባለው ጠባብ መስመር በዝቅተኛ ድልድዮች ሥር ወደ ሰሜን ስትቀዝፍ ከሩዝቬልት ደሴት በታች ትወጣለህ።

አያፈስም። አንድ ጠብታ የለም። ክብደቱ 25 ኪሎ። ግን ወደ ቀኝ ይጎትታል። አሥር ጊዜ ከቀዘፍኩ ሁለቱ ለማቅናት ነው። ያቺ 4 ሚሊ ሜትር ናት።

ቤት ተመልሼ ከኋላ ከሥሩ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች የሚወርድ ቀጥ ማድረጊያ ክንፍ ለጠፍኩ።

ሜይ 4

በክንፉ ቀጥ ብሎ ሄደ። ስለዚህ ደሴቱን ልዞር ወሰንኩ። እዚህ ላይ ዋናው ስህተት አለ።

ፖቶማክ ዲሲ ላይ ወንዝ ቢሆንም የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ይደርስበታል፤ ከዲሲ በላይ ሊትል ፎልስ እስከሚባለው ፏፏቴ ድረስ። በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፣ ልዩነቱ አንድ ሜትር ይጠጋል። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል። ይህን አንብቤ ነበር። ግን አንድ ሜትር ለትልቅ ወንዝ ምን ያደርገዋል ብዬ ናቅኩት።

በደቡብ በኩል ወደ ረግረጉ የምትገባ ጠባብ መግቢያ አየሁ። በሁለቱም በኩል ደንገል የሚመስል ረጅም ሣር። ባሕር ዳር ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ልቤ ሄደ። ገባሁ። ቢቨር የፋቀው ግንድ አየሁ። አንድ ግራጫ፣ ረጅም እግር ያለው፣ ሄሮን የሚባል ወፍ ከአሥር ሜትር ላይ ቆሞ አየኝ፣ አልበረረም። ሃያ ደቂቃ ያህል ፎቶ ሳነሣ ቆየሁ።

ስዞር ክንፉ ጭቃ ነክሷል። ገፋሁ፣ አይሄድም። መቅዘፊያውን ተክዬ ስገፋ መቅዘፊያው ገባ። አንድ እግሬን አወጣሁ፣ እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ። ማጥ ነው። ጫማዬ እዚያው ቀረ። በግድ ጀልባው ላይ ተመልሼ ተጋደምኩና ስልኬ ላይ የሙላቱን ሰንጠረዥ ከፈትኩ። ውኃው ጨርሶ እስኪጎድል ገና 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነበር። ማለትም የተቀረቀርኩበት ከፍታ ላይ ተመልሶ እስኪደርስ ከዚያ እጥፍ በላይ። ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅኩ። ወፉ ዙሪያዬን በእግሩ እየተራመደ ዓሣ ለቀመ፤ እሱ መቼ እንደሚመጣ ያውቃል።

ከዚያ ተነሥቶ የተመለሰው ልብ ደሴቱን ለመዞር የሚሆን አልነበረም። ወደ መኪናዬ ሄድኩ።

ሜይ 11

ሦስት ማስተካከያ።

አንደኛ፣ ክንፉን በመጋዝ ከ10 ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አደረግኩት፣ በርዝመቱ ግን እጥፍ አደረግኩ። ቀጥ ያደርጋል፣ ጭቃ ግን አይነክስም።

ሁለተኛ፣ ጫማ። አሁን በገመድ የሚታሰር ነው።

ሦስተኛው የጋሼና የጣና ነው። ታሪኩን ስነግራቸው፣ "የናንተ አገር ታንኳ በምን ነው የሚገፋው?" ብለው ጠየቁኝ። በቀርከሃ ነው። በልጅነቴ ጣና ዳር የደንገል ታንኳ ይዘው የሚወጡትን ሰዎች አይቻለሁ፤ ረጅም ቀርከሃ በእጃቸው ነው። ሲመለሱ ታንኳውን አቁመው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል፤ ደንገል ውኃ ከጠጣ ይከብዳል። እኔ በ1,000 ዶላር ዕቃ ስደክም ቀርከሃዋን ረስቻት ነበር። ከአትክልት መደብር 3 ሜትር ቀርከሃ በ12 ዶላር ገዛሁ። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ቀለም ቀባሁባት፣ ታችኛው ጫፍ ላይ ማጡ እንዳይውጣት የመዳፍ ስፋት ያላት ክብ ኮምፖርሳቶ አሰርኩ። መግፊያም መለኪያም ሆነች።

ሜይ 18

አልወጣሁም። ሐሙስ ኃይለኛ ዝናብ ነበር። የዲሲ አሮጌው ክፍል፣ ከከተማው አንድ ሦስተኛው ገደማ፣ የዝናብ ውኃና የቤት ፍሳሽ በአንድ ቱቦ ነው የሚሄደው። ከባድ ዝናብ ሲመጣ ቱቦው ይሞላና ወደ ወንዞቹ ይለቃል። ወንዙ ላይ መዋኘት ከ1971 ጀምሮ የተከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ከከባድ ዝናብ በኋላ ሦስት ቀን እጠብቃለሁ። በተጨማሪ ከተራራው የሚመጣው ውኃ ሲበዛ ሙላቱ ወንዙን ወደ ላይ መመለስ ያቅተዋል፤ ከፍታውን ብቻ ይጨምራል። ስለዚህ አሁን ሁለት ቁጥር ነው የማየው፦ የዋሽንግተንን የሙላት ሰንጠረዥና ሊትል ፎልስ ላይ የሚለካውን የወንዙን መጠን። አንዱን ብቻ አይቶ መውጣት ትርጉም የለውም።

ጁን 1

ተሳካ።

ከሙላቱ ጫፍ ሁለት ሰዓት ቀድሜ ወጣሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነበር፣ ነፋስ የለም። ሐሳቡ፦ እየሞላ ባለው ውኃ በምዕራብ በኩል ወደ ሰሜን መውጣት፣ ሰሜን ጫፍ ላይ ውኃው ሲቆም መዞር፣ ከዚያ በጉድለቱ በምሥራቅ በኩል መውረድ።

ትንሹ ወንዝ ላይ ቀርከሃዋ 60 ሴንቲ ሜትር፣ 80፣ 50፣ አንድ ቦታ 30 አለች። ካኑው ግን 10 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። ከእግረኛው ድልድይ ሥር ሳልፍ አንድ ሯጭ ቆሞ እጁን አወዛወዘ። በግራዬ የፓርክዌዩ መኪና ይጮሃል፣ በቀኜ ዛፍ ብቻ ነው። የዚያ አፈር መሻገሪያ ዘመን ውኃው የቆመው በዚህ መስመር ነው። አሁን ይሄዳል። እጄን ነክሬ ሲሄድ ተሰማኝ።

ከውኃው ላይ ሆነህ የሚታይህ፣ ከመንገዱ የማይታይ ነገር አለ፦ ሐረጉ። አይቪ የሚባለው ከአውሮፓ የመጣ ሐረግ ግንዶቹን እስከ ጫፍ አልብሷቸዋል። ከመንገዱ ሳየው ያምረኝ ነበር። ከወንዙ ስታየው ግን ቅርንጫፍ ያጡና ወደ ውኃው ያጋደሉ ዛፎች ናቸው። ከባድ ነው፣ ነፋስም ይይዛል። እነዚያ ወጣቶች የተከሉት ዛፍ በዚህ መውደቁ አንጀቴን በላው።

ሰሜን ጫፍ ላይ ኪይ ብሪጅ የሚባለው ድልድይ ፊት ለፊቴ ብቅ አለ። ስዞር የጆርጅታውን ጀልባዎች ማዕበል ተቀበለኝ። በጎን ስቀበለው ግማሽ ባልዲ ውኃ ገባ። አፍንጫውን ወደ ማዕበሉ በሰያፍ ሳዞር ግን ተሳፍሮበት አለፈ። ወደ ደቡብ ጉድለቱ ራሱ ወሰደኝ፤ ኬኔዲ ሴንተርን ሳልፍ መቅዘፊያዬ ጭኔ ላይ ነበር። ከድልድዩ ሥር ስገባ ቀና ብዬ አየሁ። ከላይ ጎማ ይጮሃል። ስድስት ዓመት እዚያ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ከመውረጃ እስከ መውረጃ 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ።

ጁን 8

ወጪ፦ ኮምፖርሳቶ 368፣ የተበላሸው 54፣ ኤፖክሲ 215፣ ፋይበር ግላስ ጨርቅና ጥብጣብ 170፣ የመዳብ ሽቦ 14፣ አሽ 65፣ ቫርኒሽ 48፣ ጓንትና ብሩሽና ብርጭቆ ወረቀት 70፣ ሁለት መቅዘፊያ 90፣ ሁለት የሕይወት ጃኬት 120፣ ቀርከሃ 12። ድምር 1,226 ዶላር። እንደገና ብሠራው ከ150 እስከ 200 ዶላር የሚቀነስ ይመስለኛል። የሕይወት ጃኬቱ ላይ ግን አልቆጥብም።

ትናንት በእግሬ ሄጄ ሐረግ ከሚቆርጡ በጎ ፈቃደኞች ጋር ዋልኩ። ከግንዱ ላይ አይጎተትም፤ ቅርፊቱን ይልጣል። ቁርጭምጭሚትና ደረት ከፍታ ላይ ዙሪያውን ተቆርጦ መካከሉ ይነሣል፣ የላይኛው እዚያው ይደርቃል። ሰባት ዛፍ ጨረስኩ።

ቀሪ ሥራ፦ የካኑው ሆድ ላይ በጠጠር የተጫረ 40 ሴንቲ ሜትር መስመር አለ፤ ኤፖክሲና ቫርኒሽ ይፈልጋል። የፊተኛው መቀመጫ በ5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ጋሼ ጉልበታቸው አይታጠፍም። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሙላት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ20 ነው። ቀርከሃዋን እሳቸው ይይዛሉ።